ያልደረቀ ደም

(ጎንደር። ተነጋጋሪዎቹ በሰሜን ጎንደር ወረዳዎችና በከተማው ፍርድ ቤቶች አገልግለው ጡረታ የወጡ ዳኛና ለቴሌቪዥን ድራማ የምትጽፍ የእህታቸው ልጅ ናቸው።)

ደራሲዋ፦ ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት ላማክርዎ ነው። እዚሁ ከተማችን ስለደረሰ እገታ ተከታታይ ድራማ ጻፊ ተብያለሁ። ስም እንድቀይር፣ ሰፈሩን እንዳዘዋውር ተስማምተናል። ከተማው ግን ጎንደር ሆኖ እንዲቀር ይፈልጋሉ፤ ቀሃ፣ ፒያሳ፣ የፋሲል ግንብ፣ ሁሉም እንዲታይ።

ዳኛው፦ የትኛው እገታ?

ደራሲዋ፦ በ2016 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የሆነው። የሕፃኗ።

ዳኛው፦ ገባኝ። ስሟን አትጥሪው። የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቆባት ሳለ ተገድላ ተገኘች፤ ሰዉም እያለቀሰ አደባባይ ወጣ። ታዲያ ይህን ሁሉ ከተማው እያወቀ ስም ብትቀይሪ ማንን ትሸፍኛለሽ? የመጀመሪያው ክፍል በታየ ማታ የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ ጎንደሬ አይኖርም።

ደራሲዋ፦ እንዲታወቅ እኮ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን፤ ፎቶዋን ተቀባበልን፤ ከዚያ ሌላ ዜና መጣና ተረሳ። እገታው ግን አልቆመም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ እየወረዱ የተወሰዱ ተማሪዎች አሉ። ስለ እነሱስ እስከ መቼ አወራን? ዜና ቁጥር ተናግሮ ያልፋል። ድራማ ግን ስልኩ ሲጠራ የአንዲት እናት እጅ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያሳያል። ያን ያየ ሰው እገታን የዘመኑ ጠባይ ነው ብሎ መቀበል ይከብደዋል። ይህን በእውነት አምኜበት ነው የምነግርዎ።

ዳኛው፦ ማመንሽን አልጠረጥርም። እኔ ግን ሌላ ተመልካች ይታየኛል። ወንድሙ በመተማ መንገድ ተይዞበት፣ በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጨርቅ አንጥፎ ገንዘብ ሲለምን የዋለ ሰው አለ። ማታ ጎረቤት ቤት ቁጭ ባለበት ያንቺ ድራማ ይመጣበታል። ሙዚቃ አለው። አጋቹ ሲም ካርዱን ሲቀይር፣ በአደራዳሪ በኩል ዋጋ ሲጨምር ያያል። ልቡ ሊፈርስ ሲደርስ ተቆርጦ “ይቀጥላል” ይባልና የሳሙናና የመኮሮኒ ማስታወቂያ ይከተላል። ያ ሰው በድራማሽ ውስጥ ምንድን ነው? ተመልካች ነው? ባለ ታሪክ ነው? ማንም ሳይጠይቀው ታሪኩ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ስለ ቀይ ሽብር ብትጽፊ ቢያንስ ዘመኑ አልፏል። ይኸኛው ገና ያልተፈጸመ ነገር ነው።

ደራሲዋ፦ ቀይ ሽብርን ካነሡ አይቀር፣ የጎንደር እናቶች ለደርጉ አስተዳዳሪ ለመላኩ ተፈራ የገጠሙትን ያስቡ። ሰውዬው ቢሮው ተቀምጦ እያስገደለ ሳለ ነው ያ ግጥም አፍ ለአፍ የዞረው። እነዚያ እናቶች ዘመኑ እስኪያልፍ አልጠበቁም። ከብዙ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ ፈርዶበታል፤ የፍርዱን መዝገብ ያነበበ ግን ስንት ሰው ነው? ግጥሙን የማያውቅ የለም። የጎንደርን መከራ ለልጅ ልጅ ያደረሰው የመከራው ባለቤቶች ቃል ነው።

ዳኛው፦ አሁን ራስሽ ተናገርሽው፤ የመከራው ባለቤቶች። ግጥሙን የገጠመችው የሞተባት ናት። የምትጮኸው ለራሷ ነው፤ የቀረ ልጇን እንዲተውላት ነው። የሚሸጥ ነገር አልነበረውም። በእኛ አገር ሰው ሲገደል ነገሩ በሁለት ዓይነት አፍ እንደሚወራ ታውቂያለሽ። አንዱ ሙሾ ነው። ሙሾ አውራጇ ለቅሶ ቤት ተጠርታ ትመጣለች። እናቱ ፊት፣ እህቱ ፊት ቆማ የሟቹን ስም፣ ቁመናውን፣ ደግነቱን ታነሣለች። ያልሆነ ነገር ብትናገር ከለቅሶው መሀል የሚመልሳት ሰው አለ። ሁለተኛው ፉከራ ነው። በፉከራ ውስጥ ሟቹ ሲወድቅ ብቻ ነው የሚታየው። የተቀረው የገዳዩ ክንድ፣ የገዳዩ ጠመንጃ፣ የገዳዩ ብልሃት ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ይህ በየአገሩ የሚሠራው የወንጀል ድራማ የትኛው ነው?

ደራሲዋ፦ አብዛኛው ፉከራ ነው፤ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔትፍሊክስ ስለ ጀፍሪ ዳመር ተከታታይ ፊልም አወጣ። ሰውዬው 17 ሰው የገደለ ነው። ከሟቾቹ የአንደኛው እህት እ.ኤ.አ. በ1992 ፍርድ ቤት ቆማ፣ ገዳዩን ፊት ለፊት እያየች የጮኸችው ጩኸት አለ። ፊልሙ ላይ አንዲት ተዋናይ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ያንኑ ቃል በቃል ደገመችው። እህትየዋ በኋላ ማንም እንዳልጠየቃት፣ ማንም እንዳልነገራት ተናገረች። ዓለም ግን በሚሊዮን እየተቀመጠ አየው። የገዳዩን ስም ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል፤ የአሥራ ሰባቱን ስም የሚያውቅ የት አለ? እዚህ ድረስ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግን ጋሼ፣ ሙሾውንም ንጹሕ አድርገው አይንገሩኝ። ወገራ ውስጥ፣ ጃን አሞራ ውስጥ ስንቱ ወጣት ነው በለቅሶ ላይ በሰማው ቃል ጠመንጃ አንሥቶ ደም ሊመልስ የወጣው? ሟቹ ወንድም እንደሌለው ተደርጎ ሲዘፈንበት፣ ወንድም ያለው ሰው ምን ያደርጋል?

ዳኛው፦ ልክ ነሽ። ይህን ብዙ ጊዜ በመዝገብ አይቼዋለሁ። ተከሳሹ ቆሞ ለምን ገደልህ ሲባል አይዋሽም፤ በለቅሶው ቀን ሰው ፊት መቆም አቃተኝ ይልሻል። በአንድ ቃል የተነሣ ደም ሦስት ትውልድ ይሄዳል። እንግዲህ ይኸው ራሱ ነው የሚያስፈራኝ። ደም እንዴት እንደሚደርቅ ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ይገባል፣ ቄስ መስቀል ይዞ ይመጣል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ሁለቱ ወገን ይማማላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ አይነሣም። በጠላ ቤት፣ በሠርግ፣ በእርሻ ድንበር ጠብ ላይ እንኳ አይነሣም። ያነሣ ሰው መሐላ እንዳፈረሰ ነው። አሁን ዳባት ያለ አንድ ገበሬ ልጅ በስልኩ ድራማ ያያል። ካንቺ ጽሑፍ ውስጥ የአባቱን ገዳይ፣ የገዳዩን አነጋገር፣ የተገደለበትን ወንዝ ዳር ያገኛል። ሽማግሌ በስንት ልመና ያደረቀውን ደም አንዲት ማታ ታረጥቢዋለሽ። ለአዲስ አበባ ተመልካች ጥሩ ትዕይንት ነው። እዚህ ግን ሰው ይሞትበታል።

ደራሲዋ፦ የእኔ ታሪክ የደም ታሪክ አይደለም፤ የእገታ ነው።

ዳኛው፦ ከእገታ በኋላስ ደም የለም? አጋቾቹ አባትና እናት፣ ወንድምና እህት ያላቸው የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። ድራማሽ አንዱን ቤት የአጋች ቤት ብሎ ካመለከተ፣ የወንድሙን ሥራ ያልሠራ ታናሽየው በማግሥቱ ገበያ ይወጣል።

ደራሲዋ፦ ይህን አላሰብሁትም ነበር ማለት አልችልም፤ ያሰብሁት ግን በሟቿ በኩል ብቻ ነው። እሺ፣ በዚህ ልሂድ። መልካም ዓላማ ይዞ የተሠራስ? “ድፍረት”ን ያስታውሳሉ? እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ እሱ ፊልም ነው።

ዳኛው፦ ፊልሙንም የተሠራበትንም ጉዳይ አውቃለሁ። ለእኛ ለሕግ ሰዎች ጉዳዩ ከፊልሙ ይበልጥብናል። አበራሽ በቀለን በስሟ የምጠራት ራሷ ስሟን ይዛ አደባባይ ስለቆመች ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች ተጠለፈች፣ ተደፈረች፤ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። የግድያ ክስ ተመሠረተባት። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአሁን ልጆች አይገባችሁም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ ያመልጥ ነበር። አባት ልጁ ተጠልፋ ሽማግሌ ከገባ፣ ነገሩ በሠርግ ያልቃል። ያ አንቀጽ የቀረው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው፤ አሁን በቁጥር 587 ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይቀጣል፣ ጋብቻውም አያድነውም።

ደራሲዋ፦ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አገኘ። አንጀሊና ጆሊ ስሟን ሰጠችው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በአማርኛ ነው የሠራው፤ ለዓለም ብሎ በእንግሊዝኛ አላደረገውም። ከዚያ ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ፊልሙ አይታይም ብሎ ተናገረ። ያሳገደችው አበራሽ ናት። ታሪኬን ሳታስፈቅዱኝ ወሰዳችሁ ነው ያለችው። በኋላ ስምምነት ተደርሶ ታየ።

ዳኛው፦ በፊልሙ የጠበቃዋ ስም ምን ነበር?

ደራሲዋ፦ መዓዛ። እንደ እውነቱ።

ዳኛው፦ የልጅቱስ?

ደራሲዋ፦ ሂሩት።

ዳኛው፦ አየሽ፣ ብዙ ጊዜ የማስበው ይህን ነው። የተሟጋቿ ስም ቀረ፤ የተበደለችው ስም ተቀየረ። ክፋት ነው አልልም፤ ሊጠብቋት አስበው ሊሆን ይችላል። እሷ ግን መጠበቅ መፈለጓን ወይም መታወቅ መፈለጓን መናገር የምትችለው ራሷ ብቻ ነበረች፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሕይወት ያለች ትልቅ ሰው ናት። ያ ሁሉ ድካም ሴት ልጅ ያለ ፈቃዷ አትወሰድም ለማለት ነው። ያን የሚል ፊልም ያለ ፈቃዷ ታሪኳን ሲወስድ ዓላማው ያድነዋል? እኔ አያድነውም እላለሁ። ሌላም አለ። ሕጉ ከተሻሻለ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል ፊልሙ ሲወጣ። ስለዚህ ያለ እሱ ሕጉ አይለወጥም ነበር የሚባል ነገር እንኳ አልነበረም።

ደራሲዋ፦ በዚህ አልስማማም። ሕጉ በወረቀት ተቀየረ፤ ጠለፋ ግን ሕጉ ስለወጣ አልጠፋም። ፊልሙ በየቤቱ ያስነሣው ጭውውት አለ። እናቴ “የእኛም ጊዜ እንዲህ ነበር” ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራችኝ እሱን አይተን ነው። አለመጠየቃቸው ስህተት ነው፤ ፊልሙ ግን ባይኖር ይሻል ነበር አልልም። ሁለቱንም አብሬ ይዤ መኖር አለብኝ።

ዳኛው፦ ያዢው እንግዲህ። እኔም ለዚህ ቁርጥ መልስ የለኝም። በሕጉ በኩል ግን ስለ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ ሌላ እንዳይነግርሽ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የጥበብ ሥራን ነጻነት ይጠብቃል፤ በዚያው አንቀጽ የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይታይ ይከለክላል። ያን የጻፉ ሰዎች ስለ ፎቶና ስለ ሥዕል ነው ያሰቡት። ተዋናይ ፊቱን ሰጥቶ ሲጫወተው ምስሉ የተዋናዩ ነው ይባልና ከቁጥሩ ያመልጣል። ስለዚህ ሕግ አይከለክለኝም ብለሽ ብትጽፊ ምናልባት አይከለክልሽም።

ደራሲዋ፦ ገና በፍርድ ላይ ያለ ነገርስ?

ዳኛው፦ እሱን አትንኪው። ይግባኝ ያለበትን ሁሉ አትንኪው። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢቲቪ “ጅሃዳዊ ሐረካት” የተባለውን ዶክመንተሪ ሲያስተላልፍ በውስጡ የታዩት ተከሳሾች ገና ፍርድ ቤት እየቀረቡ ነበር፤ ችሎቱ እንዳይተላለፍ አግዶም ነበር። ተላለፈ። ከዚያ በፊት “አኬልዳማ” እንዲሁ ተላልፏል። ሰውን በሙዚቃና በጨለማ ምስል ወንጀለኛ አድርገሽ አሳይተሽ፣ ዳኛ በነጻ ቢለቀው ሕዝቡ ዳኛውን ነው ጉቦ በላ የሚለው። ዶክመንተሪ ተብሎ እንዲያ ከሆነ ድራማማ ይብሳል፤ ድራማ ተከሳሹ ማንም ባላየው ክፍል ውስጥ ምን እንዳሰበ ሁሉ ያሳያል።

ደራሲዋ፦ ካልሁማ አይቀር የልቤን ልንገርዎ። ፕሮዲውሰሩ ከእኔ የሚፈልገው አንድ ትዕይንት አለ። የመጨረሻዋን ሌሊት። ሕፃኗ የት ነበረች፣ ምን አለች፣ ማንን ጠራች። ሰው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው እሱን ነው፤ ስፖንሰርም የሚመጣው ለእሱ ነው ብሎኛል። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ተቀመጥሁ። እጄ አልሄደም። ምክንያቱም እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ከገዳዮቹ በቀር። የማውቀው ነገር የለም። የምጽፈው ሁሉ የእኔ ፈጠራ ይሆንና ነገ እናትየዋ የልጇን የመጨረሻ ቃል ብላ የምትይዘው እኔ የፈጠርሁትን ነው። ከዚያ ደግሞ ሕፃኗን ሆና የምትጫወት ሕፃን ያስፈልጋል። የሁለት ዓመት ልጅ ትወና አታውቅም። እንድታለቅስ ካስፈለገ ማስለቀስ ነው ያለው። ከእናቷ ነጥለው፣ ጨለማ ክፍል አስገብተው፣ የማታውቀው ሰው አቅፏት።

ዳኛው፦ ይህን ለፕሮዲውሰሩ ፊት ለፊት አልሽው?

ደራሲዋ፦ አልሁት። በአሻንጉሊትና በድምፅ ይሠራል አለኝ። የእኔ ጥያቄ እንዴት ይቀረጻል አልነበረም።

ዳኛው፦ እንዲህ ከሆነ የመጣሽበት ጉዳይ አልቋል። እናትየዋ ዘንድ ሂጂ፤ እሷ የምትለውን ስሚ።

ደራሲዋ፦ አላለቀም ጋሼ። እርስዎ ሁልጊዜ ቤተሰቡን ጠይቂ ይሉኛል። ቤተሰብ ሁልጊዜ የተበዳይ ወገን ነው ወይ? እርስዎ ራስዎ ስንት መዝገብ አይተዋል፤ ልጅቱን የደፈራት አጎቷ፣ የእንጀራ አባቷ የሆነበት። አባትና እናት ከሽማግሌ ጋር ሆነው ነገሩን ሲሸፍኑ፣ ምስክር ሲያስቀሩ፣ ልጅቱን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሲልኩ። ያን ጊዜ እኔ ማንን ላስፈቅድ? ቤተሰቡ አይጻፍ የሚለው ለሟቿ አዝኖ ነው ወይስ ለራሱ ፈርቶ? ነውር ነው ተብሎ ዝም የተባለ ነገር ሁሉ የሚጠቅመው በዳዩን ነው። ማስፈቀድ የሚባለው ነገር ጉልበት ያለው ሰው መሰወሪያ ይሆናል።

ዳኛው፦ ... ይህ ከባድ ነው። ዋሽቼ ቀላል ነው ልበልሽ አልችልም። ዳኛ ሆኜም ይኸው ነበር ያስቸገረኝ፤ ዐቃቤ ሕግ ምስክር አጣሁ ሲል ምስክሩ የት እንደገባ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እንደዚያ ላለው ፈቃድ ጠይቂ አልልሽም። እንደዚያ ላለው ግን አንዲት የታወቀች ልጅ ታሪክ አያስፈልግሽም። ከአሥር መዝገብ አንድ ታሪክ ሥሪ። አገሩን ቀይሪው፣ ሥራቸውን ቀይሪው፣ የልጆቹን ቁጥር ቀይሪው፤ ማንም ሰው የእኔ ቤት ነው እንዳይል፣ ብዙ ሰው ግን የእኔም ቤት ነው እንዲል። ሽማግሌዎቹን ግን አትቀይሪያቸው። እነሱ እንዴት ተቀምጠው፣ ምን ብለው ነገሩን እንደሸፈኑ ቁልጭ አድርገሽ አሳዪ። እሱ የማንም የግል ኀዘን አይደለም።

ደራሲዋ፦ ለእገታውም እንዲሁ ላድርግ? ሕፃኗን ትቼ ገንዘቡን ልከተል? ገንዘቡ እንዴት እንደሚሰበሰብ፤ ዕድሩ፣ የሥራ ባልደረባው፣ አረብ አገር ያለችው እህት፣ ውጭ አገር ያሉት ዘመዶች በስልክ ተጠራርተው ሲያዋጡ። አደራዳሪው የራሱን ድርሻ ሲያስቀር። ለፖሊስ እንናገር አንናገር ብሎ ቤቱ ሲከፈል።

ዳኛው፦ እሱን ጻፊው። እሱን እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ። አሁን የሚያስፈልገን እሱ ነው፤ ማን ሰማ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን በላ። ሲም ካርዱን እንዴት እንደሚቀያይሩ ግን አታስተምሪ።

ደራሲዋ፦ ጣቢያው አይገዛውም ይሆናል። ሰው የሚያውቀውን ታሪክ ነው የሚፈልጉት።

ዳኛው፦ እናትየዋ ዘንድ ሄደሽ እሺ ብትልሽስ? ጻፊልኝ፣ ዓለም ይወቅልኝ ብትልሽ? ብዙ ኀዘንተኛ እንዲያ ይላል።

ደራሲዋ፦ ያን ነው ከእምቢታዋ የበለጠ የምፈራው። ዛሬ እሺ ያለች ሰው ክፍል ሰባት ላይ ምን እንደሚሰማት አታውቅም። ከጸሐፊው ክፍያ እኩል በስሟ ይግባላት፣ ጽሑፉን ሳይቀረጽ በፊት በቃል አንብቤ ላሰማት፣ ያልወደደችው ይውጣ፣ እስከሚተላለፍበት ቀን ድረስ ተዉት ካለች ይቁም ብዬ ውል ላይ ላስገባ አስቤ ነበር።

ዳኛው፦ ከተላለፈ በኋላ ተዉት ብትልስ?

ደራሲዋ፦ ከተላለፈ በኋላማ ጣቢያውም አይመልሰውም። በማግሥቱ ዩቲዩብ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለቅሶዋ ብቻ ተቆርጦ፣ ዘፈን ተለጥፎበት ቲክቶክ ላይ ይዞራል።

ዳኛው፦ ይህን ነግረሻት ነው ፈቃዷን የምትጠይቂያት?

ደራሲዋ፦ ከሁሉ በፊት የምነግራት እሱን ነው። ቅዳሜ ብሄድ ይሻላል፤ እሑድ ለቅዳሴ ትወጣለች፣ ከሰው ጋር ትውላለች። ብቻዬን ግን አልሄድም ጋሼ። እርስዎም ይምጡ፤ እኔ ስለ ድራማው ሳወራ በፊቷ ላይ የማላየውን እርስዎ ያዩልኛል።

ዳኛው፦ እመጣለሁ። ወረቀትና መቅረጫ ግን እንዳትይዢ።